ስድስተኛዋ ነጭ ቁልፍ

ክፍል አራት ውስጥ ያለው ትልቁ ፒያኖ፣ ከግራ ጫፍ ሲቆጠር ስድስተኛዋ ነጭ ቁልፉ አትጮኽም። ሲጫኗት እንደ ጤነኛ ትወርዳለች፣ ውስጥ ያለው መዶሻም እንደ ደንቡ ብድግ ይላል፤ ግን የሚመታው ክር የለም። የሚሰማው «ድው» የሚል የእንጨት ድምፅ ብቻ ነው፤ ባዶ ቤት አንኳኩቶ መልስ ሳይጠብቅ እንደሚሄድ ሰው። ክሩ ከተበጠሰ አስራ አንድ ዓመት ሆኖታል። አስራ አንድ ዓመት ማለት፣ ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ እግሩን እያወዛወዘ «ቲቸር፣ ይቺ ለምን ዝም አለች?» ብሎ የሚጠይቅበት ዕድሜ ነው።

የምትጠየቀው የፒያኖ አስተማሪዋ ናት። ተማሪዎቿ በሌለችበት «ቆጣሪ» ይሏታል። ጮክ ብላ ትቆጥራለች፤ አንድ-እና-ሁለት-እና እያለች ታስተምራለች፣ አንድ-እና-ሁለት-እና እያለች ደረጃ ትወጣለች፣ ሻይ ስታማስል እንኳ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ልክ እንደ መብራት ቆጣሪ፣ ቤቱ ውስጥ ሰው ኖረም አልኖረም አታቆምም ማለታቸው ነው። ቅጽል ስሟን ታውቃለች፤ እንደማታውቅ ሆና ታልፈዋለች። ከሚያናድዷት ነገሮች መካከል እሱ መጨረሻው ነው።

የሚያናድዳትማ ሌላ ነው። በየዓመቱ ትምህርት ሲከፈት አንድ ገጽ ማመልከቻ ጽፋ ለንብረት ክፍል ታስገባለች፤ የታችኛዋ ፋ ክር ይተካልን ብላ። በመጀመሪያው ዓመት በጀት ተዘግቷል ተባለች። በሁለተኛው ዓመት ፎርሙ ተቀይሯል ተባለች። በአራተኛው ዓመት ደግሞ እንዲህ ያለ ፒያኖ በንብረት መዝገብ አይታወቅም የሚል መልስ መጣ። ተነስታ ሄዳ መዝገቡን አስገለጠች። እውነትም ፒያኖ የሚባል ነገር የለም። ያኔ ንብረቱን የመዘገበው ሰው ክፍል አራት ገብቶ፣ ክዳኑ የተዘጋውን ትልቅ ጥቁር ነገር አይቶ፣ «ቁም ሣጥን፣ ጥቁር፣ ባለ ሦስት እግር፣ ብዛት አንድ» ብሎ ጽፎት ሄዷል። ይስተካከልልኝ አለች። የንብረት ኃላፊው መነጽሩን አውልቆ፣ ቁም ሣጥን ይጠገናል እንጂ አይቃኝም፣ ለመቃኘት የሚጠይቅ ፎርም ቢመጣ እንኳ በየትኛው ንብረት ስም ፈርሜ ልልቀቀው ሲል ጠየቃት። ቀልዱን አልነበረም። እቤት ገብታ ለታላቅ እህቷ ስትነግራት እህትየው ግድግዳ ይዛ ሳቀች። ቆጣሪ አልሳቀችም። ቆሽቷ አሮ ነበር።

ለመሆኑ ይህች ሴት ማናት ቢባል፣ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ያያት ሰው አስተማሪ ናት ብሎ የማይገምታት ሴት ናት። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ፒያኖ የጀመረችው አክስቷ ወለል የምትጠርግበት አዳራሽ ውስጥ ነው። አክስትየው ወለሉን በውኃ ታጥብና፣ እስኪደርቅ ማንም ስለማይገባ፣ «ነይ፣ አሁን ንኪው» ትላታለች። ትምህርቷ የሚቆየው ወለሉ እስኪደርቅ ነበር። በፀሐይ ቀን አጭር ነው፣ በዝናብ ቀን ረጅም ነው። ኖታ በፍጥነት ማንበብ የቻለችው በዚህ ነው፤ ስጦታ ነው የሚሏት ሰዎች እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግራቸው ተቀምጠው አያውቁም።

በዚህ ትምህርት ቤት ሃያ አራት ዓመት አጃቢ ሆና ሠርታለች። ድምፃዊው ሲማር እሷ ትመታለታለች፤ ቫዮሊን ሲፈተኑ እሷ ከኋላ ናት፤ ትንንሽ ልጆች ዳንስ ሲማሩ የእንቁራሪቱን ዝላይ የምትመታው እሷ ናት። ጭብጨባው ከፊት ለቆመው ነው። ቋሚ ሠራተኛ አይደለችም። ኮንትራቷ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ከመታደሱ በፊትም በዳይሬክተሩ መሳቢያ ውስጥ ሁለት ወር ይተኛል። እነዚያን ሁለት ወሮች ቆጣሪ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነው የምትራመደው። ይህን ሰውነት የሚያዋርድ ነገር ማን ፈለሰፈው? አንድ ሰው ሃያ አራት ጊዜ አዲስ ሠራተኛ ይሆናል?

እንግዲህ ዘንድሮ ትምህርት ቤቱ ሠላሳ ዓመት ሞላው። ለበዓሉ አዲስ ሙዚቃ ይጻፍ ተባለ፣ ጻፊዋም ከቀድሞ ተማሪዎች ትሁን ተባለ። ስሟ በየቦታው መነሳት የጀመረ አንዲት ወጣት ደራሲ ነበረች። እሺ አለች፣ ግን አንድ ነገር ጠየቀች፤ ሙዚቃውን የምትጫወተው ቆጣሪ እንድትሆን፣ ቦታውም ክፍል አራት እንዲሆን። ዳይሬክተሩ ለሁለተኛው አልተቸገረም። ክፍል አራት ወንበር ሲደረደርበት አዳራሽ ይባላል፤ ሌላ አዳራሽም የለም። በመጀመሪያው ግን ግር አለው። ቆጣሪን ጠርቶ፣ «እህቴ፣ ይቺ ልጅ ታውቅሻለች እንዴ?» አላት። አስተምሬአታለሁ አለች።  ፊቷ ግን ቀልቶ ነበር።

ገጾቹ በየጊዜው እየተቆራረጡ መጡ፤ መጀመሪያ ስድስት፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ሁለት። በእርሳስ የተጻፉ ናቸው፣ ጥቅጥቅ ያሉ። ቀኝ እጅ ሰባት ሲመታ ግራው አምስት ይመታል። አንዱ ቦታ ላይ አውራ ጣትና ትንሿ ጣት የሚራራቁት ርቀት ለሰው እጅ ሳይሆን ለሸረሪት የተጻፈ ነበር። ቆጣሪ አንዳንዱን መስመር በመቀስ ቆርጣ፣ በካርቶን ላይ ለጥፋ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ታጠናዋለች። እቤት ፒያኖ የላትም። የምግብ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰማንያ ስምንቱን ቁልፍ በእርሳስ ስላ፣ እራት ከመቅረቡ በፊት እሱ ላይ ትመታለች። እህቷ የሽንኩርት መክተፊያውን ይዛ ቆማ፣ «እንግዲህ እዚህ ላይ ሁሉም ቁልፍ የሞተ ነው፤ ለየትኛው ንብረት ክፍል ነው አቤት የምትይው?» ትላታለች።

አዲስ ሙዚቃ መማር የቆየውን እንደመማር አይደለም። የቆየውን ስንት ሰው አልፎበታል፤ ቢጠፋብሽ አዳምጠሽ ትመለሻለሽ። አዲሱን ማንም ሰምቶት አያውቅም። አንድ ነገር ጆሮሽን ሲቆረቁርሽ ስህተቱ የጣትሽ ይሁን የጻፊዋ እርሳስ የሚነግርሽ ሰው የለም። ቆጣሪ ለሦስት ሳምንት ጥርሷን ነክሳ ሠራች። ስትሠራ ነው ያቺን የታችኛዋን ፋ ያስተዋለችው። ሙዚቃው ሌላ ሌላውን ቁልፍ እንዳሻው ይዞራል፣ ይሮጣል፣ ከዚያ ዞሮ ዞሮ እሷው ላይ ይወድቃል። ድው። ሁለት መስመር ቆይቶ እንደገና፤ ድው። ገጽ ዘጠኝ ላይ ደግሞ ሌላ ኖታ ጭራሽ የለም፤ አስራ ስድስት መስመር ሙሉ ያቺው አንዲት ፋ ብቻ ናት፣ በየመስመሩ አንድ ጊዜ። ቆጠረቻቸው፣ መቼስ መቁጠር ሥራዋ ነው። ስድሳ አንድ ሆኑ።

ልጅቷ ረስታው ነው ብላ አሰበች። ደህና ፒያኖ ያለበት ቤት ሆና ጽፋው ይሆናል። ስድሳ አንዱንም በቀይ እርሳስ ከበበችና ከታች፣ ይህ ቁልፍ አይሠራም፣ ወደ ላይኛዋ ፋ ልቀይረው ወይ ብላ ጽፋ ላከችላት። ወረቀቱ በሦስተኛው ቀን ተመለሰ። ከቀዩ ጽሑፍ ስር በእርሳስ አንዲት መስመር ተጽፎበታል። «አውቃለሁ። እንዳለ ይመታ።»

ቆጣሪ ወረቀቱን ይዛ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሆነው ነገር ተመልሶ መጣባት፤ ሄዶም አያውቅ።

ያኔ ደራሲዋ አስራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ የመጨረሻው ፈተና ላይ። ፈታኙ ከውጭ የመጣ ሰው ነው። የፈተና ጸሐፊ ደግሞ ያሁኑ ዳይሬክተር ነበር። ቆጣሪ ከልጅቷ ጎን ተቀምጣ ገጽ ታገላብጥላት ነበር። ልጅቷ ደህና አድርጋ ተጫወተች። የታችኛዋ ፋ ሰባት ጊዜ መጣች፤ ሰባት ጊዜም ጣቷ እስከ መጨረሻው ወረደ። ቆጣሪ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆና አይታለች። ፈታኙ ግን በግራ እጅ ሰባት ኖታ ጥላለች ብሎ ጻፈ። ልጅቷ ቁልፉ አይሠራም አለች። ፈታኙ ጸሐፊውን አየው። ጸሐፊው ፒያኖው በዚህ ሳምንት ተመርምሯል፣ ውጭ ደግሞ አስራ አንድ ተፈታኝ እየጠበቀ ነው አለ። ከዚያ ፈታኙ ወደ ቆጣሪ ዞረና፣ አጠገቧ ነበርሽ፣ እውነት ነው ወይ ሲል ጠየቃት።

ኮንትራቷ መሳቢያ ውስጥ የነበረበት ወር ነው፤ ለፊርማ የሚያቀርበውም ይኸው ጸሐፊ ነው። ጸሐፊው እስክሪብቶውን በጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አጋደመ።

«አላስተዋልኩም» አለች።

ከፈታኙ ወንበር እስከ ፒያኖው ስድስት እርምጃ ነው። ስድስት እርምጃ ሄዶ አንዲት ቁልፍ በአንድ ጣት የሚጫን ሰው ከዚያ ሁሉ አዋቂ መካከል ጠፋ። ልጅቷ ወደቀች። የከፍተኛ ትምህርቱ ቦታ ለሌላ ተሰጠ። ለስድስት ዓመት አንድ የወረቀት መሸጫ ውስጥ የሰው ጽሑፍ እያባዛች ኖረች፤ ኖታ መጻፍ ብቻዋን የተማረችው በዚያው በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ቆጣሪ በወሬ ሰምታለች። በሰማች ቁጥር ንብረት ክፍል ሄዳ ትጮኻለች። ሰው ሁሉ ለክሩ የምትጮኽ ነው የሚመስለው።

ደራሲዋ ልምምድ ለመስማት የመጣች ቀን ቆጣሪ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወተችላት። ልጅቷ መስኮቱ ጋ ቆማ ሰማች፣ ሁለት ቦታ ላይ ፍጥነቱን ቀነስ አስደረገች፣ አንድ ቦታ ላይ ፔዳሉን አስለቀቀች። ሥራ ነው፤ ሁለቱም ሥራቸውን ያውቃሉ። ሲጨርሱ ቆጣሪ ክዳኑን ሳትዘጋ፣ «ለዳይሬክተሩ ነው አይደል የጻፍሽው?» አለቻት።

«ለእሱ?» አለች ልጅቷ። «እሱ ኖታ ያነባል እንዴ?»

«ታዲያ ለማን ነው?»

«ቲቸር፣ ገጽ ያገላበጡልኝ እርስዎ ነዎት።»

ቆጣሪ ከወንበሩ ተነሳች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የት ነበርሽ፣ ለምን መጥተሽ ፊት ለፊት አትሰድቢኝም ነበር፣ ይሄ ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ምን ያደርጋል ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ አልጮኸችም። ኮቷን እየቆለፈች፣ «ብሰድብዎት ያን ቀን ተናደው በሳምንቱ ይረሱት ነበር» አለች። «ይሄን ግን በየቀኑ ይለማመዱታል።»

ያን ዕለት ቆጣሪ እቤቷ የገባችው ኖታውን መልሳ ልትልክ ቆርጣ ነው። ለእህቷ ሁሉንም ነገረቻት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። እህትየው ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ጡረታ እስክትወጣ፤ ነገር ሲነገራት እንደ ጨርቅ ገልብጣ ስፌቱን ማየት ታበዛለች።

«ዋሽተሻል?» አለቻት።

«አላስተዋልኩም ነው ያልኩት።»

«አስተውለሽ ነበር?»

«አዎ።»

«እና አሁን አንቺን ምንድን ነው የሚያናድድሽ?»

ቆጣሪ ጠረጴዛው ላይ የሳለችውን ቁልፍ በጥፍሯ ፋቀችው። ከዚያ ወዲያ ስለ መመለስ አልተነሳም። እንዲያውም አንድ ሐሳብ መጣላትና ቀለል አላት። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ያቺን ቁልፍ ስድሳ አንድ ጊዜ ትመታታለች። ገጽ ዘጠኝ ላይ አስራ ስድስት ጊዜ ብቻዋን፣ ድው፣ ድው፣ ድው። ደንቆሮ ካልሆነ በቀር ቁልፉ የሞተ መሆኑን የማይሰማ ሰው አይኖርም። እሷ አፏን መክፈት አያስፈልጋትም፤ ፒያኖው ይመሰክርላታል። እንዲህ ነው ያሰበችው፤ ዘጠኝ ዓመት የተደበቀ ሰው ለመውጣትም መጋረጃ ይፈልጋል።

ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ዳይሬክተሩ ልምምዱን ሊሰማ ገባ። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ክፉን ሰው ይጠነቀቁታል። ይሄ ግን ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ለሁሉም «እህቴ»፣ «ወንድሜ» የሚል፣ ምንም ነገር እንቢ የማይል፣ ምንም ነገር የማያደርግ ሰው ነው። ገጽ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ እጁን አነሳ።

«ይሄ የሚያንኳኳው ምንድን ነው?»

«ፋ ነው» አለች ቆጣሪ።

«እንግዶች እኮ ይሰሙታል።»

«እንዲሰማ ነው የተጻፈው።»

ዳይሬክተሩ ለአፍታ ፒያኖውን፣ ለአፍታ ቆጣሪን አየ። ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ እንደተመለሰ ከዓይኑ ያስታውቅ ነበር። ፈገግ አለ። በጣም ጥሩ ነው፣ በርቺ ብሏት ወጣ።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ቆጣሪ ክፍል አራት ስትደርስ የፒያኖው ክዳን ተነስቷል። ፒያኖ ቃኚው፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌ፣ ግማሽ አካላቸው ፒያኖው ውስጥ ገብቶ ያጠብቃሉ። አጠገባቸው የንብረት ኃላፊው ቆሟል፣ በእጁ የተፈረመ ወረቀት ይዞ። ቆጣሪ እጇን ሰድዳ ስድስተኛዋን ነጭ ተጫነቻት።

ጮኸች። ወፍራም፣ አዲስ፣ የመዳብ ሽታ ያለው የሚመስል ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«መኪና ተላከልኝ፣ ልጄ» አሉ ቃኚው ከውስጥ ሆነው። «እቤቴ ድረስ። ቁርሴን ሳልጨርስ።»

«ክሩስ፣ ጋሼ? ከየት ተገኘ? ከውጭ ካልመጣ አይገኝም ሲሉኝ አልነበር?»

ሽማግሌው ቀና ብለው ቦርሳቸውን በእግራቸው ገፋ አደረጉት። «በመጀመሪያው ዓመት መጥቼ ለክቼ አስመጣሁት እኮ። ይግባ የሚል ፊርማ ጠብቁ አሉኝ። ይኸው አስር ዓመት እዚህ ቦርሳ ውስጥ ይዤው ስዞር ነበር።»

 አስር ዓመት ሙሉ ክሩ በዚህች ከተማ መንገድ ላይ ሲዘዋወር ኖሯል። ልጅቷ ስትፈተን፣ ያን ቀን፣ ክሩ ከዚህ ክፍል አስራ አምስት ደቂቃ መንገድ ላይ አንድ ሚስማር ላይ በተሰቀለ ቦርሳ ውስጥ ተጠቅልሎ ተኝቶ ነበር። ይለመኑ የነበሩ ሰዎች አስራ አንድ ዓመት ያልፈረሙትን ፊርማ ዛሬ ቁርስ ሳይበላ ፈረሙት፤ ቁልፉ መዳኑ ግድ ብሏቸው አይደለም። ዝምታው ሊሰማ ስለሆነ ነው።

የንብረት ኃላፊው ወረቀቱን ዘረጋላት። አየችው። «ቁም ሣጥን፣ ጥቁር፣ አስቸኳይ ጥገና» ይላል።

ኃላፊው ሲወጣ ሽማግሌውን ክሩን ያውጡት፣ ይፍቱት፣ ይበጥሱት አለቻቸው። ቃኚው ቅር ተሰኙ። በዚህ ዕድሜያቸው ክር በእጃቸው በጥሰው እንደማያውቁ፣ ከዛሬ በኋላም እንደማይጀምሩ ነገሯት። ከዚያ መፍቻቸውን እየጠረጉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ልንገርሽ፣ አዲስ ክር ነው፣ ይለጠጣል። ጠዋት ቃኝቼው ከሰዓት ይወርዳል። አንድ ሳምንት እየተመላለስኩ ላጥብቀው አልኩት፣ ለዳይሬክተሩ። የዛሬን ብቻ ይዋልልን አለኝ።»

ብቻዋን ስትቀር ጨርቅ አጣጥፎ ክሩ ስር መወተፍ አሰበች። እጇ እንኳ መሀረቧ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ተወችው። በሕይወት ያለውን ቁልፍ ሞቷል ብሎ ማቅረብ ሁለተኛ ውሸት ነው፤ አንዱ በቅቷታል።

በአስር ሰዓት ክፍል አራት አዳራሽ ሆነ። ወንበሩ ሞልቶ የቆመም ነበር። እህቷ ከኋላ በር አጠገብ፣ ደራሲዋ ሦስተኛው ረድፍ ጠርዝ ላይ፣ ዳይሬክተሩ ከፊት መሃል። ገጽ የምታገላብጥላት የቫዮሊን አስተማሪዋ ነበረች፣ ኮንትራቷ ገና የተጀመረ ወጣት።

ቆጣሪ ጀመረች። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ ከፊቷ የቆመ ሰው ሳይኖር ስትጫወት የመጀመሪያዋ ነው። ሰባቱ በአምስቱ ላይ ገባላት፤ የሸረሪቱን ርቀት እጇን ወርውራ ደረሰችበት። ፋዋ መጣች። ጮኸች። ለጊዜው ደህና ነበረች። ገጽ አራት ላይ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ሻከረች። ገጽ ስድስት ላይ ሽማግሌው እንዳሉት ወርዳለች፤ ፋ ናት እንዳይሏት ወርዳለች፣ ሌላ ናት እንዳይሏት ስሙ የለም። አንድ ጊዜ በተመታች ቁጥር ሰው ፊቱን ቋጠር ያደርጋል። ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ወደ ጎረቤቷ ጠጋ ብላ፣ ተሳሳተች አለች። ቆጣሪ ሰማች። ዳይሬክተሩ ለእንግዶቹ ትከሻውን ሰበቅ አድርጎ፣ ምን ይደረግ፣ አጃቢ ናት የሚል ፈገግታ ሲያሳይ በዓይኗ ጥግ አየች። የቫዮሊን አስተማሪዋን ደግሞ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ አየቻት። ወጣቷ የቆጣሪ ጣት ትክክለኛው ቁልፍ ላይ ሲወርድ እያየች ነው። ታውቃለች። ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም።

ያኔ ነው የገባት። ዛሬ የተማሪዋ ወንበር ላይ ያለችው እሷ ናት፣ የገጽ አገላባጭዋ ወንበር ላይ ደግሞ ያኔ የነበረችው እሷ ናት።

ገጽ ዘጠኝ ተገለጠ። የመጀመሪያዋን ፋ መታች። እየወረደ የሚያለቅስ አስቀያሚ ድምፅ ክፍሉን ዞረና ጠፋ። ቁልፉ አይመሰክርላትም፤ አፉን አሽገውታል። ሁለተኛዋ ላይ እጇን አላወረደችም። ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ወደ ሰው ዞረች።

«ይቺ ቁልፍ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ አትጮኽም ነበር» አለች። «አስራ አንድ ዓመት። ከዘጠኝ ዓመት በፊት እዚህ ወንበር ላይ አንዲት ተማሪ ኖታ ጥለሻል ተብላ ፈተና ወድቃለች። አልጣለችም። ገጽ የማገላብጥላት እኔ ነበርኩ፣ ጣቷ ሲወርድ አይቻለሁ። ስጠየቅ አላስተዋልኩም አልኩ። አስተውዬ ነበር። የፈለግኩት ኮንትራቴን ነበር።»

 ዳይሬክተሩ ብድግ ሊል ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ቆጣሪ ወደ ፒያኖው ዞረች፣ ለቫዮሊን አስተማሪዋ ገጽ አስር እንድትገልጥ በጣቷ አሳየቻት፣ ወጣቷ ሦስት ጊዜ ሞክራ ነው ወረቀቱ የታዘዘላት፤ ከዚያ ቆጣሪ ጮክ ብላ፣ ሕፃናት ፊት እንዳለች፣ አንድ-እና-ሁለት-እና ብላ ቆጥራ ገባች። እስከ መጨረሻው በቁጣ መታችው። አንድም ኖታ አልጣለችም።

ጭብጨባው ግራ የተጋባ ነበር፤ ከፊት ቀዝቀዝ፣ ከኋላ ሞቅ። ከኋላ የምታጨበጭበው ማን እንደሆነች አልጠፋትም። እንግዶቹ ወደ መጠጡ ሲሄዱ ደራሲዋ ወደ ፒያኖው መጣች። ተቆጥታለች። 

«ገጽ ዘጠኝን ዘለሉት» አለች። «ሁለት ወር ነው የፈጀብኝ። ስድሳ አንድ መሆን ነበረበት፣ አርባ አምስት ነው የመቱት።»

«አርባ ስድስት» አለች ቆጣሪ። «የመጀመሪያዋን መትቻታለሁ።»

 ደራሲዋ ወረቀቱን ከፒያኖው ላይ ሰብስባ፣ ጠርዙን አስተካክላ፣ ደረቷ ላይ ያዘችው። ይቅርታ አልተጠየቀም፣ ይቅርታም አልተሰጠም። ልጅቷ አጠገቧ፣ የገጽ አገላባጭዋ ወንበር ላይ፣ ቁጭ አለች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደብዳቤ ክፍል አራት በር ስር ገብቶ ጠበቃት። ማኅተም አለው፣ ቁጥር አለው፣ ሦስት ግልባጭ አለው። ኮንትራቷ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ እንደማይታደስ ይገልጻል። ቆጣሪ ቆማ አነበበችው። ክር ለመተካት አስራ አንድ ዓመት፣ ዝምታውን ለመደበቅ ሁለት ቀን፣ ሰው ለማባረር አንድ ሌሊት። ይቺ መሥሪያ ቤት ስትፈልግ መሮጥ ትችላለች ለካ።

ተቀመጠችና ራሷ ማመልከቻ ጻፈች። ስለ ክር አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በተሰጠ ፈተና ላይ የሐሰት ቃል መስጠቷን፣ ውጤቱ እንዲታረም፣ ቃሏን በፈለጉበት ቦታ ለመስጠት ዝግጁ መሆኗን። ስሟን ሙሉ እስከ አያቷ ጻፈች። ይዛው መዝገብ ቤት ወረደች። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አንብባው ወደ በሩ አየች፣ እንደገና አነበበችው፣ ይሄ በየትኛው ፋይል እንደሚገባ አላውቅም፣ ይተዉልኝና ይሂዱ አለቻት።

«የገቢ ቁጥር ካልሰጠሽኝ አልሄድም» አለች ቆጣሪ።

«ማስፈቀድ አለብኝ።»

«እጠብቃለሁ።»

መስኮቱ ላይ ክንዷን አስደገፈች። ከኋላዋ ሰልፍ መያዝ ተጀመረ። ትንሽ ቆይታ ጮክ ብላ መቁጠር ጀመረች፤ አንድ-እና-ሁለት-እና፣ በየአራቱ መስኮቱን በጣቷ ጫፍ እየመታች፣ ድው። ሠራተኛዋ ስልክ አነሳች፣ ስልኩ አልተመለሰም። ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው ሳቀ። አርባኛው ድው ላይ ስትደርስ ሠራተኛዋ፣ «ቲቸር፣ እባክዎ፣ ያሳብዱኛል» አለች። ቆጣሪ አላቆመችም። ስድሳ አንደኛው ድው ላይ ማኅተሙ ወረደ።